ጥለቱን የቆረጠው ማስተካከያ፦ የቨርቹዋል ኤግዚቢሽን ቡዝ ማሰናጃ ስሠራ ያየሁት

ይህን የምጽፈው በኢንተርኔት በሚካሄድ ኤግዚቢሽን ላይ ተሳታፊው ቡዙን፣ ማለትም ዕቃውን የሚያሳይበትን ቦታ፣ በራሱ እጅ የሚያሰናዳበትን ማስተካከያ ለመሥራት ለተነሳችሁ ዲዛይነሮችና ፕሮግራመሮች ነው። የምኖረውም የምሠራውም ባሕር ዳር ነው። አንድ ባዛር አዘጋጅ ድርጅት ወደ እኛ የመጣው የማር፣ የሽመና፣ የእህልና የእንጨት ሥራ አምራቾች ከጎጃም ሳይወጡ አዲስ አበባም ሆነ ውጭ አገር ላለ ገዢ ዕቃቸውን የሚያሳዩበት የኦንላይን ኤግዚቢሽን እንድንሠራለት ነበር። አዳራሹን እኛ እንሠራለን፤ ቡዙን ግን እያንዳንዱ ተሳታፊ እንደወደደ ያስውበዋል። ለእኔ የደረሰኝ ይህ ማስዋቢያ ነው።

የመጀመሪያውን ሥሪት ስሠራ ለተሳታፊው ሁሉንም ነገር መስጠት ፈለግሁ። ቀለም እንደልብ የሚመረጥበት ክብ ሰሌዳ፣ 14 ዓይነት ፎንት (የፊደል ቅርጽ)፣ በጣት እየተጎተተ የሚንቀሳቀስ ጠረጴዛና መደርደሪያ፣ የፎቶ ማሳመሪያ፣ ሁሉም ነበረው። ቢሮ ውስጥ ላፕቶፕ ላይ ስንሞክረው ደስ ይል ነበር። ከዚያ ስልክ ይዘን ወደ ባለቤቶቹ ሄድን።

ደብረ ማርቆስ ላይ አንድ ሸማኔ ቤት ገባን። ጋሼ እላቸዋለሁ። ልጃቸው አዲስ የተሠራ ነጠላ ዘርግቶ በስልኩ ፎቶ አነሳና ቡዙ ላይ ጫነው። ጋሼ ስልኩን ተቀብለው ራቅ አድርገው አዩት፤ መልሰው አቀረቡት።

«ልጄ፣ ጥለቱ የት ሄደ?» አሉኝ።

አየሁት። ፎቶው ላይ ያለው ነጭ ጨርቅ ብቻ ነበር። ማስተካከያው የገባለትን ፎቶ ሁሉ ከመሃል እየቆረጠ ካሬ ያደርጋል። የኦንላይን ሱቆች የሚያደርጉት ስለሆነ አንድ ቀን እንኳ ቆም ብዬ አላሰብኩበትም። የነጠላ ጥለት ደግሞ ያለው ጫፉ ላይ ነው። የሰውዬው ጥበብ፣ የቀናት ድካማቸው፣ ዋጋውን የሚወስነው ነገር፣ ገዢዋ መጀመሪያ ዓይኗን የምትጥልበት ቦታ ጫፉ ላይ ነው። የእኔ ኮድ ግን ጫፉን እንደ ትርፍ ቆጥሮ ጥሎት ነበር። «ይኼማ አቡጀዲ መሰለ እኮ» አሉ ጋሼ። ቁጣ አልነበረባቸውም፤ ነገሩን እንዳዩት ነው የተናገሩት።

ያን ቀን ማታ ወረቀት አውጥቼ ማስተካከያው ላይ ያሉትን ምርጫዎች አንድ በአንድ ጻፍኩና በእያንዳንዳቸው ፊት አንድ ጥያቄ አስቀመጥኩ፤ ይህን የሚያውቀው ማን ነው? ጥለቱ የት እንዳለ የሚያውቁት ጋሼ ናቸው፤ ስለዚህ ምርጫው የእሳቸው መሆን ነበረበት፤ እኔ ግን ነጥቄያቸው ነበር። ፊደል በምን ያህል መጠን ቢጻፍ ከርቀት እንደሚነበብ የማውቀው እኔ ነኝ፤ ያን ደግሞ እሳቸው ላይ ጭኜባቸው ነበር። የመጀመሪያው ሥሪት ችግር ይኸው ነው። ባለቤቱ የሚያውቀውን ማሽኑ ይወስናል፤ ባለቤቱ የማያውቀውን ግን አሥራ አራት ጊዜ ይጠየቃል። ከዚህ በታች የምነግራችሁ ሁሉ ያን ለመገልበጥ ያደረግነው ነው።

በፎቶው ልጀምር። አሁን አንድ ሰው ፎቶ ሲጭን ማስተካከያው የሚጠይቀው አንድ ነገር ነው፦ «ገዢው መጀመሪያ ማየት ያለበት የቱ ጋ ነው?» ባለቤቱ ፎቶው ላይ በጣቱ ይነካል። ፎቶውን በዚያው አንቆርጠውም። የነካበትን ቦታ ከፎቶው ስፋትና ቁመት አንጻር በሁለት ቁጥር እንይዘዋለን፤ ለምሳሌ ከግራ 0.5፣ ከላይ 0.92። በፒክስል (በፎቶው ነጥቦች ቁጥር) ሳይሆን በክፍልፋይ መያዙ የግድ ነው፤ ምክንያቱም ያው ፎቶ ቡዙ አናት ላይ በጎን ረዘም ብሎ፣ በዝርዝሩ ውስጥ ካሬ ሆኖ፣ ስልክ ላይ ደግሞ ቁመታም ሆኖ ይወጣል። በየመጠኑ ሲቆረጥ ያቺ ነጥብ እንዳትወድቅ ይደረጋል፤ ነጥቧ ጠርዝ ላይ ከሆነች መቁረጫው ከፎቶው ሳይወጣ እስከሚችለው ድረስ ይጠጋታል። የተጫነው ፎቶ ሳይቆረጥ ሰርቨር ላይ ስለሚቀመጥ ባለቤቱ ሐሳቡን ቢለውጥ እንደገና መጫን አያስፈልገውም። ለማሰብ አንድ ሌሊት፣ ለመጻፍ ሁለት ቀን የወሰደ ሥራ ነው። ከሠራነው ሁሉ ይህን ያህል የጠቀመ ያለ አይመስለኝም።

ዳንግላ ደግሞ ስለ ቀለም አስተማረችኝ። ከባሕር ዳር 80 ኪሎ ሜትር ያህል ናት። እዚያ ማር የሚሸጡ እትዬ አሉ። ለቡዛቸው ቢጫ መረጡ፤ ለጽሑፉ ደግሞ ነጭ። ቢጫ ላይ ነጭ ጽሑፍ ማንም አያነብም። የዌብ ተደራሽነት መመሪያው ለተራ ጽሑፍ በፊደሉና በጀርባው መካከል ቢያንስ የ4.5 ለ1፣ ለትልቅ ጽሑፍ የ3 ለ1 የብርሃን ልዩነት ይጠይቃል። ነጭ በደማቅ ቢጫ ላይ ያለው ልዩነት 1.07 ብቻ ነው። በዚያው ቢጫ ላይ ጥቁር ቢጻፍ ግን 19.56 ይሆናል።

መጀመሪያ ያሰብነው ማስጠንቀቂያ ማውጣት ነበር፤ «የመረጡት ቀለም አይነበብም» የሚል ቀይ ጽሑፍ። ተውነው። እትዬ ቢጫን የመረጡት ማር ስለሚሸጡ ነው፤ ልክ ናቸው፤ ያን መንገር የእሳቸው ነው። የፊደሉን ቀለም ማወቅ ግን የእኛ ሥራ ነው። ስለዚህ አሁን የሚጠየቁት አንድ ቀለም ብቻ ነው፤ የጽሑፉን ቀለም ማስተካከያው ራሱ አስልቶ ጥቁር ወይም ነጭ ያደርገዋል። ስሌቱ ከባድ አይደለም። የቀይን፣ የአረንጓዴንና የሰማያዊን መጠን ወደ ትክክለኛው የብርሃን መጠናቸው ከመለሳችሁ በኋላ በ0.2126፣ በ0.7152 እና በ0.0722 አባዝታችሁ ትደምራላችሁ፤ ከዚያ በሁለቱም ቀለሞች ውጤት ላይ 0.05 ጨምራችሁ ትልቁን ለትንሹ ታካፍላላችሁ። ደስ የሚለው ነገር፣ የትኛውም ቀለም ቢመረጥ ከጥቁርና ከነጭ አንዱ ቢያንስ 4.58 ማግኘቱ አይቀርም። ስለዚህ ተሳታፊው ሊሳሳት የሚችልበት ቀለም የለም። አንድም ማስጠንቀቂያ አላስፈለገንም።

ክቡን የቀለም ሰሌዳም አወጣነው። በእሱ ፋንታ ስማቸው የሚታወቅ 12 ቀለሞች አሉ፤ ቡናማ፣ ወይን ጠጅ፣ ብርቱካናማ፣ ሰማያዊ እያለ የሚሄድ። ከእነሱ ቀጥሎ «ከፎቶው ውሰድ» የሚል ቁልፍ አለ። ብዙ ሰው የሚመርጠው ይህን ነው። የጥለቱን ቀይ ወይም የጀሪካኑን ሰማያዊ በጣቱ ነክቶ ቡዙን ያለብሰዋል።

እትዬ ግን ገና አልጨረሱም ነበር። የማራቸውን ፎቶ አይተው ዝም አሉ። ቆይተው፣ «እኔ ነጭ ማር ነው የምሸጥ፤ ይኼ ቢጫ ነው» አሉኝ። ብልቃጡን አምጥተው ከስልኩ አጠገብ አስቀመጡት። በእርግጥም ብልቃጡ ውስጥ ያለው እንደ ረጋ ወተት ነጭ ነው፤ ስክሪኑ ላይ ያለው ግን የቅቤ ቀለም ይዟል። ማር የሚገዛ ሰው ነጩንና ቀዩን በዓይኑ ለይቶ ነው ዋጋ የሚጠይቀው። እኛ ሳናውቀው ዕቃቸውን ለውጠንባቸዋል።

ምክንያቱን ስፈልግ ሁለት አገኘሁ። አንደኛው እኔ ያስገባሁት የፎቶ ማሳመሪያ ነው፤ ፎቶውን ሞቅ ለማድረግ ቢጫ ይጨምራል። እሱን በዚያው ቀን አጠፋሁት። ሁለተኛው ለማግኘት ያስቸግራል፤ ስለዚህ ልብ በሉት። የስሪዲ (ባለ ሦስት አውታር) አዳራሹ ውስጥ መብራት አለ። ፎቶውን ግድግዳ ላይ ስትለጥፉት ኮምፒውተሩ እንደ ማንኛውም ዕቃ ቆጥሮት የመብራቱን ቀለም ያሳርፍበታል፤ መብራቱ ሞቅ ያለ ከሆነ ነጩ ሁሉ ቢጫ ይሆናል። እኛ የምንሠራው ብራውዘር ውስጥ ስሪዲ በሚያሳየው በስሪ ጄ ኤስ ነው። እዚያ ለዕቃ ፎቶዎች ብርሃን የማይነካውን ሜሽ ቤዚክ ማቴሪያል ተጠቅመን፣ የብርሃኑን ደረጃ እንደገና የሚያስተካክለውን ቶን ማፒንግ ለእነሱ ብቻ ዘግተን፣ የፎቶው የቀለም ዓይነት ስክሪኖች የሚጠቀሙበት ኤስአርጂቢ መሆኑን ስንነግረው ማሩ ወደ ነጭነቱ ተመለሰ። ግድግዳው፣ ወለሉና ጠረጴዛው ብርሃን ይንካቸው፤ ለሽያጭ የቀረበው ዕቃ ግን አይንካው። ፍተሻውም ቀላል ነው፤ ዕቃውን ከስክሪኑ ጎን አስቀምጡና ባለቤቱን ጠይቁ።

ስለ ስሪዲው ካነሳሁ ስለ ክብደቱም ልናገር። አዳራሹ ላፕቶፕ ላይ ይንሸራተት የነበረው፣ 2 ጊጋባይት ራም ያለው አንድሮይድ ስልክ ላይ ሲከፈት ይቆማል፤ ከዚያ ብራውዘሩ ይዘጋል። መጀመሪያ ኔትወርኩን ጠረጠርኩ። ጥፋቱ ግን የፎቶ ነበር። ብዙ ሰው የሚዘነጋው ይህን ነው፤ አንድ 2048 በ2048 ፒክስል የሆነ ፎቶ በፋይልነቱ 300 ኪሎባይት ቢሆንም፣ ስሪዲው ውስጥ ሲገባ ተፈትቶ 16 ሜጋባይት ያህል የግራፊክስ ማህደረ ትውስታ ይይዛል። የሃያ ቡዝ፣ በየቡዙ ሦስት ሦስት ፎቶ ብትሉ 960 ሜጋባይት ነው። ስልኩ ከየት ያመጣዋል? ወደ 1024 ስናወርደው እያንዳንዱ 4 ሜጋባይት ሆነ፤ ራቅ ላሉ ቡዞች 512 ስናደርገው 1 ሜጋባይት። በዚያ ላይ ኬቲኤክስ2 በሚባለው የታመቀ ዓይነት ስታስቀምጡት ግራፊክሱ ውስጥም እንደታመቀ ስለሚቆይ የበለጠ ይቀላል። ጎብኚው ያልቀረበውን ቡዝ ደግሞ ጨርሶ አለመጫን ነው።

ያም ሆኖ ስሪዲውን ዋና ገጽ ማድረጉን ተውነው። ዋናው ተራ ገጽ ነው፤ «አዳራሹ ውስጥ ግባ» የሚለው ቁልፍ ለፈለገ ሰው አለ። ማስተካከያውንም ከስሪዲው አወጣነው። ስልክ ላይ በአንድ ጣት ጠረጴዛ መጎተት አይሆንም፤ ጣቱ አንዴ ጠረጴዛውን ሌላ ጊዜ ካሜራውን ያንቀሳቅሳል፤ ሰዉም ይናደዳል። አሁን ቦታዎቹ ስም አላቸው፦ ግራ ግድግዳ፣ መሃል፣ ቀኝ ግድግዳ፣ የፊት ጠረጴዛ። ቦታውን ትነካለህ፤ ፎቶውን ትመርጣለህ፤ አለቀ።

ፎቶ አጫጫንን በአጭሩ። የስልክ ፎቶ ብዙ ጊዜ 4000 በ3000 ፒክስል፣ 12 ሜጋፒክስል ማለት ነው። ሰርቨር ላይ ደርሶ እንዲያንስ አትጠብቁ፤ ከስልኩ ሳይወጣ ረጅም ጎኑን ወደ 1600 አውርዱት። ሲላክ በቁርጥራጭ ይላክ፤ ኔትወርክ ቢቋረጥ ካቆመበት ይቀጥል። የፎቶውን የአቅጣጫ መረጃም አክብሩ፤ አለበለዚያ ነጠላው ተጋድሞ ይወጣል።

አሁን ፊደል። ይህ ሰፊ ነው፤ እኔም ብዙ ጊዜ ያጠፋሁበት ነው።

ካስገባኋቸው 14 ፎንቶች አብዛኞቹ ለላቲን የተሠሩ ነበሩ። በአማርኛ የጻፈ ሰው ፎንት ሲቀይር ብራውዘሩ የግዕዝ ፊደሉን እዚያ ውስጥ ስለማያገኘው ስልኩ ላይ ካለው ያመጣለታል። ስለዚህ ሰውየው አሥር ጊዜ ይለውጣል፤ ምንም አይለወጥም። ስልኩ የተበላሸ የመሰለው ሰው አይቻለሁ። አሁን ያሉት ሦስት ናቸው፦ ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ፣ ኖቶ ሰሪፍ ኢትዮፒክ እና አቢሲኒካ ኤስአይኤል። ሦስቱም በነፃ ፈቃድ የሚገኙ ናቸው። አቢሲኒካ ደመቅ ያለ ሥሪት ስለሌለው «ደማቅ» የሚለውን ቁልፍ ለእሱ ዘግተነዋል። ሥሪቱ በሌለበት ደማቅ ይሁን ስትሉት ብራውዘሩ ፊደሉን በግድ ያወፍረዋል፤ የ«ጭ»፣ የ«ቋ»፣ የ«ጯ» ክፍተት ይደፈናል፤ ከርቀት ምን እንደተጻፈ አይለይም። የመስመር ክፍተቱን ደግሞ ከእንግሊዝኛው ሰፋ አድርጉት፤ እኛ 1.6 ላይ ነው የረጋነው።

ስሪዲ ውስጥ ጽሑፍ የሚያወጡ ላይብረሪዎች (ዝግጁ ኮዶች) ፊደሎቹን አስቀድመው በአንድ ሥዕል ላይ ያሰፍራሉ። ለእንግሊዝኛ 95 ምልክት ይበቃል። በዩኒኮድ፣ ለፊደል ሁሉ ቁጥር በሚሰጠው መለኪያ፣ ዋናው የግዕዝ ሠንጠረዥ ላይ ግን 358 አሉ። ይህን ሁሉ ስልክ ላይ ከመጫን የቡዙን ሰሌዳ በተራ ካንቫስ (በብራውዘሩ መሳያ ሰሌዳ) ጽፈን እንደ ሥዕል ግድግዳው ላይ እንለጥፈዋለን። ቀላልም ንጹሕም ሆነ።

ኮሶበር ላይ ሌላ ነገር ገጠመን። አንድ ወጣት እንጨት ሠሪ የቡዙን ስም በአዊኛ ጻፈ። አዊኛ እኛ አማርኛ ላይ የማንጠቀምበትን «ጘ» ይጠቀማል። በዚያን ጊዜ ገና ያላስወገድነው አንድ ጌጠኛ ፎንት ነበረን፤ «ጘ»ን ስለማያውቀው በቦታው ባዶ ሳጥን ወጣ። ልጁ ቀና ብሎ አየኝና በአማርኛ መጻፍ ጀመረ። ያ ከበደኝ። በቋንቋው የጻፈው ስም ያባቱ ስም ነበር። አሁን ማስተካከያው የተጻፈው እያንዳንዱ ፊደል በተመረጠው ፎንት ውስጥ መኖሩን አይቶ፣ ከሌለ ሌላውን ፎንት ራሱ ይተካል። ተመልሰን ሄደን ስሙን ራሱ እንዲጽፈው አድርገናል።

ስለ ስም ርዝመትም ተጠንቀቁ። ሰርቨሩ ላይ የስም ቦታውን በባይት ለክታችሁ 60 ካላችሁት፣ አንድ የግዕዝ ፊደል በዩቲኤፍ-8 (ፊደል በባይት በሚጻፍበት ደንብ) ሦስት ባይት ስለሚወስድ የሚገባው 20 ፊደል ብቻ ነው። የአገራችን የኅብረት ሥራ ማኅበር ስም ደግሞ «ሁለገብ የገበሬዎች ኅብረት ሥራ ማኅበር ኃላፊነቱ የተወሰነ» እያለ ይሄዳል። ለሁለት ከፈልነው፤ ሰሌዳው ላይ የሚወጣ አጭር ስም፣ ከሥር ደግሞ በፈቃዱ ላይ ያለው ሙሉ ስም። ለፍለጋውም ሀን፣ ሐንና ኀን፣ ሰንና ሠን፣ አንና ዐን፣ ጸንና ፀን አንድ አድርጋችሁ መዝግቡ፤ «ዕደ ጥበብ» ብሎ የጻፈውን «እደ ጥበብ» ብሎ የፈለገው ያግኘው። ባለቤቱ የጻፈበትን ፊደል ግን እንደጻፈው አሳዩት።

ቡሬ ላይ የሆነው የእኔ ጥፋት ነው። አንድ እህል ነጋዴ ከአርባ ደቂቃ በላይ ቁጭ ብለው ቡዛቸውን ሞሉ፤ የበቆሎውን፣ የጤፉን፣ የስልኩን ሁሉ። ኔትወርክ ጠፋ። ገጹ ራሱን ሲያድስ የጻፉት ሁሉ ሄደ። «አስቀምጥ» የሚል ቁልፍ ከታች ነበር፤ አልነኩትም፤ እንዲነኩትም መጠበቅ አልነበረብኝም። በማግስቱ ሌላ ሥራ አለኝ ብለው ሳይመለሱ ቀሩ። ከዚያ በኋላ «አስቀምጥ» የሚባል ቁልፍ የለም። የተጻፈች እያንዳንዷ ነገር ወዲያው ስልኩ ላይ፣ ብራውዘሩ ውስጥ ኢንዴክስድ ዲቢ በሚባለው የመረጃ ማስቀመጫ ትቀመጣለች፤ ኔትወርክ ሲመጣ ወደ ሰርቨር ትሄዳለች። ከላይ በኩል ሁልጊዜ አንድ ዓረፍተ ነገር ይታያል፤ ወይ «ስልክዎ ላይ ተቀምጧል»፣ ወይ «ጎብኚዎች እያዩት ነው»። እነዚህን ሁለቱን አትቀላቅሉ። ሰው የሚፈራው ገና ያልጨረሰውን ሌላው እንዳያይበት ነው፤ ስለዚህ ለጎብኚ የሚወጣው ባለቤቱ «ቡዙን ክፈት» ሲል ብቻ ነው። አባትና ልጅ በየስልካቸው አንድ ቡዝ የሚያሰናዱበትም አለ፤ ሰርቨሩ ሙሉ ቡዙን በአንድ ላይ ከመተካት በየቦታው፣ ስሙን ለብቻ፣ ዋጋውን ለብቻ ቢመዘግብ የአንዱ ሥራ የሌላውን አያጠፋም።

ሰዓቱ ደግሞ እንዲህ ሆነ። ቡዝ ላይ ሰው ተቀምጦ ጥሪ የሚቀበልበት ጊዜ ይሞላል። ደብረ ማርቆስ ያሉት ጋሼ «ከ3 እስከ 11 ሰዓት» አሉ፤ ልጃቸው ሞላው። ሲስተሙ 3:00ን በፈረንጅ ሰዓት ወሰደው። ዋሽንግተን ያለ ጓደኛችን በሙከራ ጎብኚነት ገብቶ ቡዙ ክፍት መሆኑን አየና በእነሱ ከምሽቱ ሁለት ሰዓት ላይ ደወለ፤ ጋሼ ቤት ከሌሊቱ 9 ሰዓት ነበር። በድንጋጤ ተነሱ፤ በሌሊት የሚደወል ስልክ መርዶ ነው። ይቅርታ ጠይቀናል። አሁን ሰዓት ሲሞላ ጠዋት፣ ከሰዓት፣ ማታ ወይም ሌሊት የሚለው አብሮ ይመረጣል። የጠዋት 3 ሰዓት በዩቲሲ (በዓለም አቀፉ መነሻ ሰዓት) 6:00 ሆኖ ይመዘገባል፤ ለጎብኚው በራሱ አገር ሰዓት ይታየዋል። ለባለቤቱም «ዋሽንግተን ያለ ገዢ በዚህ ጊዜ ተኝቷል» ብለን እንነግራለን፤ ልዩነቱ በእነሱ በጋ 7፣ በክረምታቸው 8 ሰዓት ነው። ጋሼ ከምሽቱ 1 እስከ 3 ሰዓት ጨምረዋል፤ ያኔ እዚያ እኩለ ቀን አካባቢ ነው።

ለአዘጋጁ የሠራነውን ብዙ አልዘረዝርም። ወርቅ፣ ብር እያለ በከፈሉት መጠን የሚለያይ ቡዝ ይፈልጋል። ምክሬ ብዙ ለከፈለ ብዙ ቦታና ቪዲዮ ስጡት፤ ብዙ ፎንት አትስጡት። ክልከላውም ሰርቨሩ ላይ ይሁን፤ ቁልፍ መደበቅ ክልከላ አይደለም።

«ስለ እኛ» በሚለው ሳጥን ውስጥ «የድርጅትዎ መግለጫ እዚህ ይገባል» የሚል የናሙና ጽሑፍ አስቀምጠን ነበር። ግማሹ ተሳታፊ እንዳለ ተወው፤ በዚያው ለጎብኚ ሊወጣ ነበር። ጽሑፉን አጥፍተን ሦስት ጥያቄ ተካን፦ ምን ትሠራላችሁ? የት? ማን አስተማራችሁ? ሦስተኛውን ያመጣችው አብራኝ የምትሠራ ልጅ ናት፤ ገዢ የሚያቆመው መልስ ከእሱ ነው የሚመጣ። መጻፍ ለማይወዱም ድምፅ መቅጃ አለ። 30 ሴኮንድ ድምፅ ኦፐስ በሚባለው የድምፅ ማመቂያ በሴኮንድ በ24 ኪሎቢት ቢቀዳ 90 ኪሎባይት ያህል ነው፤ ከአንድ ፎቶ ያነሰ። ጋሼ ስለ ጥለት አወጣጥ የተናገሩት በድምፅ ነው፤ የሽመና ዕቃቸው ድምፅ፣ መወርወሪያው ሲያልፍ ከኋላ ይሰማል።

ዋጋ መሙላት ግዴታ ነበር፤ ተውነው። የእህል ዋጋ ከገበያ ገበያ ይለዋወጣል፤ «በስልክ ይጠየቅ» የሚል ምርጫ አለ። መለኪያውም ኪሎ፣ ኩንታል፣ ጥንድ፣ ሊትር ይላል፤ የሌለውን ባለቤቱ ይጽፋል።

በመጨረሻ ያስተካከልነው የዳንግላዋን እትዬ ቡዝ ነው። ነጩ ማር አለቀባቸው። ማስተካከያው የነበረው «ዕቃውን ሰርዝ» ብቻ ነው፤ ሊሰርዙት ደግሞ አልፈለጉም፣ ደንበኛ እንዳለ ማወቅ አለበት። «አልቋል» የሚል ምልክት ጨመርን፤ ከሥሩ መቼ እንደሚመጣ የሚሞላበት የቀን መቁጠሪያ አደረግንበት። እትዬ መቁጠሪያውን ከፍተው ወራቱን አዩ፤ ዘጉት። «መቼ ይደርሳል?» አልኳቸው። «ማር ቀን ቆጥሮ ይመጣል እንዴ? ለኅዳር ሚካኤል ነው የምንቆርጥ» አሉኝ። መቁጠሪያውን አውጥተን ባዶ መስመር ተውንላቸው። አሁን ቡዛቸው ላይ፣ ከነጩ ማር ፎቶ ሥር እንዲህ ተጽፏል፦ «አልቋል። ለኅዳር ሚካኤል ይደርሳል።»